አዲስ አበባ ላይ የጉዳይ ማስፈጸም ሥራ እንዴት ይጀመራል?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ማህተም ለማስመታት ግማሽ ቀን ይሄዳል። የባንክ ሠራተኛው፣ ክሊኒክ የከፈተው ሐኪም፣ ሱቋን ዘግታ መውጣት የማትችለው ነጋዴ ያን ግማሽ ቀን ከየት ያመጡታል? አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሪያድ ያለው ሰውማ ጭራሽ አይታሰብም። እስከ ዛሬ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ዘመድ ነው፤ የአክስት ልጅ፣ ታናሽ ወንድም፣ ጎረቤት። ዘመድ ደግሞ የራሱ ኑሮ አለው። ሲዘገይ መቆጣት አይቻልም። ገንዘቡ የት ገባ ብሎ መጠየቅም ያሳፍራል።

የጉዳይ ማስፈጸም ሥራ ገበያ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ መነሻ ገንዘብ አይፈልግም። ስልክ፣ ደብተርና ከተማውን ማወቅ ይበቃል። ከባዱ ሌላ ነው። የሰው ገንዘብና የሰው ሰነድ እጃችሁ ላይ ሲገባ ሂሳቡን ሳትጠየቁ ማሳየት፣ ነገሩ ሲበላሽም በዚያው ሰዓት መናገር አለባችሁ። ይህን የሚችል ሰው ደንበኛ አያጣም። የማይችል ሰው ከተማውን በመዳፉ ቢያውቀውም ብዙ አይቆይም።

1ኛ፦ ምን እንደምትሠሩና ምን እንደማትነኩ ለዩ

"ማንኛውንም ጉዳይ እናስፈጽማለን" ብላችሁ አትጀምሩ። ደንበኛው ምን ሊያዛችሁ እንደሚችል አይገባውም፤ እናንተም ዋጋ ማውጣት ያቅታችኋል። ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ሥራ ምረጡና እሱን አጥብቁ።

የቢሮ ጉዳይ አለ፦ የልደት ወይም የጋብቻ ማስረጃ መከታተል፣ የትምህርት ማስረጃ ማረጋገጥ፣ የቤት ግብር መክፈል። የገበያ ጉዳይ አለ፦ ከመርካቶ በርበሬ በረንዳ በርበሬ መርጦ ማስፈጨት፣ ከሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ በልክ ማሠራት፣ ለመኪና መለዋወጫ ማፈላለግ። የቤት ጉዳይ አለ፦ ኪራይ መቀበል፣ ባዶ ቤት እየሄዱ ማየት፣ ቧንቧ ሲፈነዳ ባለሙያ ይዞ መድረስ። የቤተሰብ ጉዳይ ደግሞ አለ፦ አዛውንት ወላጅን ሐኪም ቤት ወስዶ መመለስ፣ መድኃኒት መግዛት፣ ለዓመት በዓል በግ ማድረስ።

እኔን ብትጠይቁኝ ከቤተሰብ ጉዳይ ጀምሩ እላለሁ። የቢሮ ጉዳይ አንዴ አልቆ ደንበኛው ይጠፋል። የእናቱን መድኃኒት በየወሩ የምታደርሱለት ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ ደንበኛ ነው። ሌላውንም ጉዳይ ቀስ በቀስ እሱ ራሱ ያመጣላችኋል።

መብራትና ውሃ መክፈልን እንደ ዋና ሥራ አትቁጠሩት። በ2013 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ እንዲህ ያለው ክፍያ ከስልክ ማለቅ ጀምሯል። የሚቀራችሁ ሰው በአካል መገኘት ያለበት ጉዳይ ነው፤ ወረፋ፣ ፊርማ፣ በዓይን ማየት፣ በእጅ መዳሰስ።

አሁን ደግሞ የማይነኩት። ሌላ ሰውን ወክሎ ፍርድ ቤት መከራከር የጥብቅና ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ነው። ዕቃ ከጉምሩክ ማውጣት ፈቃድ ያለው ትራንዚተር ወይም የጉምሩክ ወኪል ሥራ ነው። ሰው ወደ ዓረብ ሀገር ለሥራ መላክ፣ ውጭ ምንዛሪ መመንዘር፣ ይዘቱ የማይታወቅ የታሸገ ዕቃ ማድረስ፣ እነዚህን ማንም ቢለምናችሁ አትቀበሉ። አሻራ የሚሰጥበት ጉዳይም በሰው አይላክም። ለፋይዳ ምዝገባ ባለቤቱ ራሱ መቅረብ አለበት፤ እናንተ ቀጠሮ ልትይዙና አብራችሁ ልትሄዱ ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ሳልሸፋፍን ልናገር። በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው "ለሻይ የምትሆን ጨመር አድርግና ዛሬውኑ ጨርስልኝ" መባሉ አይቀርም። ጉቦ ሰጪውም ተቀባዩም ወንጀለኛ ነው። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ ለስሙ ሻይ የምትከፍሉ ከሆነ ያንን ገንዘብ በሂሳብ ላይ ማሳየት አትችሉም። ሂሳባችሁ አንዴ ከተድበሰበሰ ደግሞ ደንበኛው ሌላውንም ቁጥር ማመን ያቆማል። "እኛ በወረፋ ነው የምንሠራው" በሉ። የሚሄድ ይሂድ።

2ኛ፦ ፈቃድ አውጡ

ያለ ንግድ ፈቃድ መነገድ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 የተከለከለ ነው። በግል ለመጀመር ፋይዳ መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ወይም ቲን፣ የሥራ አድራሻና የንግድ ምዝገባ ያስፈልጋችኋል። አድራሻው የተከራያችሁት ከሆነ የኪራይ ውሉን አዘጋጁ። ማመልከቻው በንግድ ሚኒስቴር የኦንላይን ሥርዓት ይገባል፤ ካቃታችሁ ክፍለ ከተማ ወይም ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ሥራችሁን በዝርዝር አስረዱና የትኛው የንግድ ዘርፍ ውስጥ እንደሚገባ ባለሙያው እንዲነግራችሁ አድርጉ። በግምት የተሞላ ዘርፍ በኋላ ራስ ምታት ነው።

ከግል ንብረታችሁ የተለየ ድርጅት ከፈለጋችሁ በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። ለጀማሪ ግን የግል ፈቃዱ ይበቃል።

3ኛ፦ ውክልናን ተረዱ

ይህ ክፍል ሲነበብ አሰልቺ ነው። ግን ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ስለሆነ ታገሡኝ።

ለብዙ ጉዳይ ውክልና አያስፈልግም። በግ ለመግዛት፣ እናትን ሐኪም ቤት ለማድረስ፣ ዕቃ ለማምጣት መልእክት ይበቃል። በደንበኛው ስም መፈረም፣ ሰነድ ማውጣት፣ ኪራይ መዋዋል ሲመጣ ግን ውልና ማስረጃ በሚባለው መሥሪያ ቤት የተረጋገጠ ውክልና ይጠየቃል።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውክልናን በሁለት ይከፍለዋል። ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ለአስተዳደር ሥራ ነው። ቤት ለመሸጥ፣ ንብረት ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት ወይም ክስ ለማቅረብ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል፤ አንቀጽ 2205 ይህን በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ ደንበኛችሁ "ሁሉንም የሚችል ውክልና ልስጥህ" ቢላችሁ አመስግኑና እምቢ በሉ። ለተባለው ጉዳይ ብቻ የሚሆን ጠባብ ውክልና ጠይቁ። የቤት ሽያጭ ሥልጣን ያለበት ወረቀት ኪሳችሁ ውስጥ ካለ፣ ነገ በቤቱ ላይ ጭቅጭቅ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው የእናንተ ስም ነው።

ደንበኛው ውጭ ሀገር ከሆነ ውክልናውን የሚሰጠው እዚያ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ነው። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ መጀመሪያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ይህን ቅደም ተከተል የማያውቅ ሰው ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ይከርማል። ደንበኛው ኤምባሲ ከመሄዱ በፊት የእናንተን ሙሉ ስም በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ላኩለት። "ሃይለ" እና "ኃይለ" ተለያይተው የተመለሰ ወረቀት ስንት ሰው እንዳስለቀሰ ሠራተኞቹን ጠይቁ።

አንድም ነገር ጨምሩ፦ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። ከዚያ በኋላ በዚያ ወረቀት አትፈርሙ፤ ቤተሰቡ ቢለምናችሁም።

4ኛ፦ ዋጋ አውጡ

ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ዋጋ ሲያወጡ ከጎረቤት አስተያየት ስለሚነሱ ነው። ከራሳችሁ ወጪ ተነሱ። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው፤ የራሳችሁን አስገቡበት።

በወር 24,000 ብር ለራሳችሁ እንዲቀር ፈለጋችሁ እንበል። ትራንስፖርት 8,000፣ ካርድና ዳታ 1,500፣ ለግብር፣ ለፈቃድና ለኪራይ የሚቀመጥ 4,500። ድምሩ 38,000 ብር ነው። በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ብትሠሩ 208 ሰዓት ይሆናል። ግን ግማሹ የሚሄደው ስልክ በማንሳት፣ ሂሳብ በመጻፍና መንገድ ላይ ነው። የሚከፈልበትን 100 ሰዓት ብላችሁ ያዙት። 38,000 ለ100 ሲካፈል በሰዓት 380 ብር ይመጣል። ከዚያ በታች የምትሠሩ ከሆነ ከኪሳችሁ እየጨመራችሁ ነው።

ለደንበኛ ግን በሰዓት አትንገሩት። ሰዓት ሲባል "ወረፋ ላይ ተቀምጠህ ታስከፍለኛለህ?" ይላል። በጉዳይ ንገሩት፦ መድኃኒት ገዝቶ ማድረስ ይህን ያህል፣ ሐኪም ቤት ወስዶ መመለስ ይህን ያህል። ቋሚ ለሆነው ደንበኛ ወርኃዊ ክፍያ አድርጉለት፤ በወር ይህን ያህል ጉዳይ፣ ከዚያ ካለፈ ጭማሪ። የታክሲና የዕቃ ዋጋ ለብቻው በደረሰኝ ይወራረዳል።

ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አንደኛ፣ ቢሮው "ሲስተም የለም" ብሎ ቢመልሳችሁ ለተሄደበት ይከፈላል ወይ? እኔ ለመጀመሪያው ምልልስ ሙሉውን፣ ለተደጋጋሚው ግማሹን ማስከፈል ተገቢ ነው እላለሁ። ሁለተኛ፣ ከሻጭ ወይም ከባለሙያ ኮሚሽን አትቀበሉ። ቧንቧ ሠራተኛው "ላንተም አስቤበታለሁ" ካለ ያንን ከዋጋው ላይ እንዲቀንስ አድርጉ። ወኪል ደንበኛው ሳያውቅ ከሌላ ወገን ጥቅም መውሰድ የለበትም።

ውጭ ላለ ሰው ዋጋውን በብር ንገሩ። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ተመኑ ይለዋወጣል። ገንዘቡ በባንክ ወይም በሕጋዊ ሐዋላ ይግባ፤ በገባበት ቀን የደረሳችሁን ብር ንገሩት። "እዚህ ለእህቴ ስጥ፣ እሷ እዚያ ለወንድምህ ትሰጣለች" ለሚለው መንገድ በሩን ዝጉ።

5ኛ፦ የደንበኛን ገንዘብ ለዩት

ለደንበኞች ገንዘብ የተለየ የባንክ ሂሳብ ክፈቱ። የራሳችሁ ደመወዝ የሚገባበት ሌላ ይሁን። ይህን ከመጀመሪያው ቀን አድርጉት፤ ደንበኛ ሲበዛ አደርገዋለሁ አትበሉ። የሰው ገንዘብ የሚጠፋው ሌባ ስለሆንን አይደለም። ወሩ መጨረሻ ላይ ኪስ ሲሳሳ "ነገ እመልሰዋለሁ" ተብሎ ይነካል፤ በነጋታው ደግሞ የመድኃኒቱ ቀን ይደርሳል።

ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ ያዙ። ከላይ የገባው፣ ከታች የወጣው፣ መጨረሻ ላይ ቀሪው። ሲወጣ ምን እንደተገዛ፣ የት፣ በስንት፣ ደረሰኝ አለው ወይስ የለውም ይጻፍ። መርካቶ ውስጥ፣ በግ ተራ ላይ፣ አትክልት ስትገዙ ደረሰኝ የለም። እዚያ ዕቃውን ፎቶ አንሡ፣ የተስማማችሁበትን ዋጋ በዚያው ሰዓት ለደንበኛው በቮይስ ላኩ። ማታ ቤት ገብታችሁ ያስታወሳችሁት ቁጥር ማስረጃ አይሆንም።

ገንዘቡን አስቀድማችሁ ሳትቀበሉ ዕቃ አትግዙ። በራሳችሁ ገንዘብ ገዝታችሁ በኋላ ልትጠይቁ ካሰባችሁ የብድር ድርጅት ከፍታችኋል ማለት ነው። ልዩነት የማደርገው ለሕመም ብቻ ነው። አዛውንቷ መድኃኒታቸው ካለቀ ገዝታችሁ ስጡ፤ ሂሳቡ በኋላ ይደረስበታል።

6ኛ፦ ትእዛዝ ስትቀበሉ ጠይቁ

ብዙ ጥፋት የሚመጣው ካልተጠየቀ ነገር ነው። ደንበኛው "ለእማዬ በግ ግዛላት" ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ምን ዓይነት በግ፣ እስከ ስንት ብር፣ ለመቼ፣ ማን ይቀበላል? እነዚህን ሳትጠይቁ አትንቀሳቀሱ።

ቀንና ሰዓትን በተለይ አጣርታችሁ ያዙ። ዋሽንግተን ያለ ሰው "በ9 ሰዓት ደውልልኝ" ሲል የፈረንጅ ይሁን የእኛ አይታወቅም። የአዲስ አበባ ሰዓት ከዋሽንግተን በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ይቀድማል። ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል። ቀጠሮ ስትጽፉ "ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት፣ በእኛ" በሉ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። መስከረም 15 እና ሴፕቴምበር 15 ተምታተው ያለፈ የሐኪም ቀጠሮ መልሶ ለማግኘት ቀላል አይደለም።

በምን እንደምትገናኙም ጠይቁ። አንዱ ዋትስአፕ፣ አንዱ ኢሞ፣ እዚህ ያለው ቴሌግራም ይላል። የሰው ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ ስልክ የምትይዘው ማታ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቀን እየደጋገማችሁ አትደውሉባት፤ ጽፋችሁ ተዉላት።

የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ ሲላክላችሁ ጉዳዩ ሲያልቅ አጥፉት። ዋና ሰነድ ከተቀበላችሁ ምን እንደተቀበላችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ፤ ስትመልሱም አስፈርሙ። የሰውን የግል መረጃ መጠበቅ ከ2016 ጀምሮ ራሱን የቻለ አዋጅ አለው።

7ኛ፦ አንድን ጉዳይ ከዳር እስከ ዳር፦ የበዓል በግ

ይህን ምሳሌ የመረጥኩት ቀላል ስለሚመስል ነው። ውጭ ያለች ልጅ አዲስ አበባ ላለችው እናቷ የፋሲካ በግ ግዙልኝ አለች እንበል።

መጀመሪያ ለእናትየው ደውሉ። "እማማ፣ ልጅዎ ናት የላከችኝ። ለፋሲካ በግ ይሁንልዎት ወይስ ቅርጫ ይግቡ?" መልሱ ብዙ ጊዜ ልጅቷ ካሰበችው ይለያል። "የኔ ልጅ፣ በጉን ማን ያርድልኛል? ወንድ የለ በቤቱ" ይላሉ። ይኼኔ ጉዳዩ ተቀየረ። ወይ አራጅ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ወይ ከሰፈር ቅርጫ ታስገቧቸዋላችሁ፣ ወይ ሁለት ዶሮ ይበቃል። ለልጅቷ ደውላችሁ ንገሯት፤ ውሳኔው የእሷና የእናቷ ነው።

በግ ከተባለ በበዓሉ ዋዜማ አትሂዱ። ዋጋው ይሰቀላል፣ ጥሩው አልቆ የተረፈው ይቀራል፣ መኪናም አይገኝም። ከበዓሉ አራት አምስት ቀን ቀደም ብሎ ይሻላል። ግን እማማ በጉን የሚያስሩበት ቦታ አላቸው? ሣር አለ? ከሌለ ሻጩ ጋ ቀብድ ከፍሎ ማቆየት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

ገበያ ስትደርሱ አትቸኩሉ። እጃችሁን ወገቡ ላይ አሳርፉና ጨመቅ አድርጉ፤ አከርካሪው ሾሎ ከተሰማችሁ ጸጉሩ ነው ያሳበጠው። ላቱን ያዙት። አፉን ከፍታችሁ ጥርሱን እዩ። አስነስታችሁ አስኪዱት፣ እንዳያነክስ። ለአረፋ የሚገዛ ከሆነ ይህ የበለጠ ይጠብቃል፤ የታወረ፣ የሚያነክስ ወይም የታመመ በግ ለኡድሒያ፣ ለአረፋው መሥዋዕት፣ አይሆንም። ስለ ጸጉሩ ቀለምም ጠይቁ፤ ጥቁር አይገባም የሚል ቤት አለ።

ሁለት ሦስቱን መርጣችሁ ቪዲዮ ላኩ። ዋጋውን አብራችሁ ንገሩ። ደንበኛዋ መልስ እስክትሰጥ ሻጩ ሊሄድ ስለሚችል እስከ ስንት ብር ድረስ ራሳችሁ እንደምትወስኑ ከእሷ ጋር አስቀድማችሁ ተስማምታችሁ መሆን አለበት። ከዚያ ከፍላችሁ፣ እግሩን አስራችሁ ሳይሆን ቆሞ በሚሄድበት መኪና ጭናችሁ አድርሱ። እማማ በጉን ሲቀበሉ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ አጭር ቪዲዮ አንሡ። ልጅቷ የከፈለችው ለዚያች ደቂቃም ጭምር ነው። ማታውኑ ሂሳቡን ላኩ፦ በጉ፣ መኪናው፣ አራጁ፣ የእናንተ ክፍያ፣ ቀሪው።

መድኃኒትም እንዲሁ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ያለ ማዘዣ አትግዙ። ማዘዣውን ፎቶ አንሥታችሁ መጀመሪያ ስልክ ደውሉ፤ ከነማና ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች ጥሩ መነሻ ናቸው። ሲገኝ ስሙን ብቻ ሳይሆን ሚሊግራሙንና የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ሌላ ስም ያለው ከተሰጣችሁ ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አትቀይሩ። ኢንሱሊን ከሆነ ከፍሪጅ እንደወጣ በበረዶ መያዣ ይዛችሁ ቀጥታ አድርሱ። በረዶው መድኃኒቱን በቀጥታ እንዳይነካው ጨርቅ አድርጉበት፤ መቀዝቀዙ ደህና ነው፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ግን ይጣላል።

8ኛ፦ መጥፎውን ዜና ቶሎ ተናገሩ

ቢሮ ሄዳችሁ ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ ኔትወርክ የለም፣ ፋይሉ አልተገኘም ይባላል። ይህ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ደንበኛው ማታ ደውሎ ሲጠይቅ ብቻ ከነገራችሁት ግን ይሆናል። በሩ ላይ ቆማችሁ ላኩ፦ "ከጠዋቱ 2፡30 ደርሻለሁ። ወረፋዬ ደርሶ ነበር፤ ሲስተም የለም ተባልኩ። ነገ ጠዋት እመለሳለሁ።" አጭር ይበቃል። "እየተሯሯጥን ነው፣ አይዞህ" የሚል መልእክት ግን ምንም አይነግረውም።

ቢሮ የምትሄዱበትንም ቀን ምረጡ። ሰኞ ጠዋትና የበዓል ማግስት ይጨናነቃል። ዓርብ ለጁምዓ የምሳ ሰዓቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሆነ ከጠዋቱ ካልጨረሳችሁ ቀኑ ያጥራል። የሠራተኛዋን ስም ያዙ፣ የጎደለውን ወረቀት ዝርዝር በወረቀት አስጽፉ፣ አመስግናችሁ ውጡ። በሚቀጥለው ስትሄዱ የምታውቃችሁ ሰው ናት።

ለቅሶ ሲመጣ ሥራው ሌላ መልክ አለው። ድንኳኑንና ወንበሩን ዕድሩ ይችለዋል። እናንተ የምትፈለጉት ከውጭ የሚመጣውን ልጅ ከቦሌ ለመቀበል፣ ማረፊያ ለመያዝ፣ ለጎደለው ለመሮጥ ነው። በዚያ ሳምንት የወጣውን ጻፉ እንጂ ስለ ክፍያ አታንሡ። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ይደርሳል።

9ኛ፦ ደንበኛ ከየት ይመጣል

ማስታወቂያ ብዙ አይሠራም። የማያውቀውን ሰው ቤቱ የሚያስገባ የለም። የመጀመሪያ ደንበኞቻችሁ የሚያውቋችሁ ሰዎች ናቸው፦ ልጆቻቸው ውጭ ያሉ የሰፈር እናቶች፣ አብራችሁ የተማራችሁ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሰዎች። ለእነሱ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ፤ የምትሠሩት፣ ዋጋው፣ የፈቃድ ቁጥራችሁ፣ ስልካችሁ። አንዲት ልጅ ሪያድ ላይ ከረካች ለጓደኞቿ ትናገራለች። ቅር ካላትም ትናገራለች።

እዚሁ ከተማ ያሉትን አትርሱ። ትናንሽ ድርጅቶች፣ ክሊኒኮች፣ ሬስቶራንቶች ተላላኪ መቅጠር አይችሉም፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሚሮጥላቸው ሰው ግን ይፈልጋሉ። ከእነሱ ጋር ስትሠሩ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ክፍያውም ወሩ ሲያልቅ ሳይሆን ሲጀመር።

10ኛ፦ ረዳት ስትይዙ

ሁለት ጉዳይ በአንድ ሰዓት መግጠም ሲደጋገም ረዳት ያስፈልጋችኋል። ዋስ ያለው ሰው ይሁን። መታወቂያውን ያዙ፣ ቤቱን እወቁ። መጀመሪያ ገንዘብ የሌለበት ጉዳይ ስጡት፤ ወረቀት ማድረስ፣ ወረፋ መያዝ። ቀጥሎ አነስተኛ ግዢ። ሂሳቡን በዚያው ቀን ያመጣል ወይስ "ነገ አመጣለሁ" ይላል? ይህን ካያችሁ በኋላ ነው የሰው ቤት ቁልፍ የሚሰጠው።

ባዶ ቤት ለማየት ሁለት ሁናችሁ ሂዱ፤ ለደህንነትም ለምስክርነትም። ሴት ረዳት ብቻዋን ወደማታውቀው ቤት አትላኩ። አዲሱን ሰው ለደንበኛው በስምና በፎቶ አስተዋውቁት። እማማ በር ላይ ያልጠበቁት ልጅ መድኃኒት ይዞ ቢመጣ አይቀበሉትም፤ ልክም ናቸው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሄድ አብራችሁት ሂዱ።